ሽቶ ሱሪውን ያሳጠረ ዕለት

እጄና ጆሮዬ አይተዋወቁም። እጄ ሱሪ እያጠፈ ጆሮዬ ሦስት ሱቅ ተሻግሮ ይሄዳል፤ ጫማ ሰፊው አጎቴ ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ ቁልፍ ቀራጩ የማንን በር እንደከፈተ፣ ፀጉር አስተካካዩ የማንን ራሰ በራ ለማን እንዳማ፣ መርፌዬ ክር ሳትስት እሰማለሁ። በሱቆቻችን ረድፍ ውስጥ «ሬዲዮ» ብለው ስም ያወጡልኝ በሌላ አይደለም፣ በቅናት ነው። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ ግን በቆየሁበት ጊዜ አስተማሪዋን እያዳመጥኩ ከዴስክ ስር የጓደኛዬን ቀሚስ ዘርፍ እጠልፍ ነበር፣ ሁለቱም አልተበላሹም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። እውነት ስለሆነ ነው።

ሱቃችን ከስታዲየሙ መቀመጫዎች ስር ናት። የእኛ ጣሪያ ለሌላው ሰው ወንበር ነው። በሩ ጋ ከፍ ብሎ ይጀምርና ደረጃውን ተከትሎ ወደ ውስጥ ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ እያለ ይሄዳል፤ መጨረሻው ላይ፣ የእኔና የአክስቴ ፍራሽ ያለበት ጋ፣ ሰው በጉልበቱ ካልሆነ አይደርስም። እዚህ ቤት ማደግ የሚታወቀው በግንባር ነው፤ ድሮ ቆሜ የማልፍበት ደረጃ ዛሬ ይመታኛል። ጎል ሲገባ አቧራ ይወርዳል። ስለዚህ ጨዋታ ባለበት ቀን አክስቴ ነጭ ጨርቅ አታወጣም፤ ቡድናችን በደከመበት ዓመት ግን ነጭም ሰፍተናል። መስታወታችን ሙሉ ሰው የሚያሳይ ስለሆነ ከፍ ባለው በኩል፣ በሩ አጠገብ ተሰቅሏል። የመለኪያው መጋረጃ ደግሞ ውስጥ ነው፤ ከትርፍራፊ ጨርቅ ስለተሰራ አጠረና ከጉልበት በታች ያለውን የሰው እግር ለሕዝብ ያሳያል። ሱሪ ማሳጠር በሁለት ዳቦ ዋጋ፣ ዚፕ መቀየር በአንድ ኪሎ ስኳር፣ ኮት መገልበጥ በስምምነት። ዋጋችን ይሄ ነው፤ ከስታዲየሙ ውጪ ያሉት እጥፍ ይጠይቃሉ፣ ግን የእነሱ ጣሪያ ቀጥ ያለ ነው።

ስታዲየሙ ሊፈርስ ነው። ሹሞቹ «ሊታደስ» ነው የሚሉት፤ እኛ ግን የሚታደስ ነገር በዶማ ሲጀመር አይተን ስለማናውቅ ሊፈርስ ነው እንላለን። በቦታው አዲስ ስታዲየም ይቆማል፣ ዙሪያውን ሆቴልና የገበያ ሕንጻ ይከበዋል። የሚሰራውም የሚያከራየውም አንድ ኩባንያ ነው። ለእኛ ለረድፉ ሰዎች የተነገረን፣ በአዲሱ ሕንጻ ክፍል ለመከራየት ቅድሚያ አላችሁ ተብሎ ነው። አክስቴ ከዚህ ሌላ አንድ ተስፋ ነበራት። ለአዲሱ ስታዲየም ጥበቃዎችና በር አስተናጋጆች የደንብ ልብስ ያስፈልጋል፤ የኩባንያው ሰውዬ አንድ ናሙና ጃኬት ሰፍታ እንድታሳይ ጨርቅ ሰጥቷታል። ጃኬቱ ከተወደደ ሥራው ሙሉ በሙሉ የእሷ ነው። ካልተወደደ ሱቁ ሲፈርስ እኛ የት እንደምንገባ እኔም አልጠየቅኩም፣ እሷም አልነገረችኝም። አክስቴ ቃል የምታወጣው ጨርቅ እንደምትቆርጥ ነው፣ ለክታ።

ያን ጨርቅ ከተቀበለች ወዲህ ወንድሟ፣ ማለትም ከስሱ የእንጨት ግድግዳ ማዶ የተጫዋቾች ጫማ የሚሰፋው አጎቴ፣ አያናግራትም። እሷም አታናግረውም። ምሳ አብረን እንበላለን፤ ጨው ሲፈልግ «እህቴን ጨው አቀብዪኝ በያት» ይለኛል፣ እሷ ክንዱ አጠገብ ተቀምጣ። እኔ «እትዬ፣ ጨው» እላለሁ፤ ጨው ይመጣል። የተጣሉበትን ነገር አውቀዋለሁ ብዬ ነበር፤ የካውያ ጉዳይ መስሎኝ። አጎቴ ተውሶ አቃጥሎባት ነበርና።

የዚያን ዕለት ጠዋት የኩባንያው ሰውዬ ራሱ መጣ። ረድፉ «ሽቶ» ይለዋል፤ ሽታው ቀድሞ ገብቶ ወንበር ስቦ ከተቀመጠ በኋላ ነው እሱ የሚገባው። ረፋድ ላይ በስታዲየሙ አዳራሽ ስብሰባ አለ፤ የአዲሱ ስታዲየም ሞዴል ይገለጣል፣ የከተማው ሹም ይናገራል፣ ፎቶ ይነሳሉ። ሽቶ ለዚሁ ብሎ የገዛው ሱሪ ረዝሞ ጫማው ላይ ተኝቷል። አክስቴ መስታወቱ ፊት አቆመችው፣ ተንበረከከች፣ በእያንዳንዱ እግር ላይ ሁለት ሁለት መስመር በሳሙና አሰመረች። የላይኛው የሚታጠፍበት ነው፣ የታችኛው የሚቆረጥበት፤ በመሃላቸው ሦስት ጣት አለ፣ እሱ ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚያ መጋረጃው ውስጥ ገብቶ ሱሪውን አውልቆ በላይ በኩል አቀበለኝ። አክስቴ ጃኬቱን አንስታ የቁልፍ ቀዳዳ የሚሰፋ መኪና ያለው ሰውዬ ጋ፣ የረድፉ ዳር ድረስ፣ መሄድ ነበረባት።

«በታችኛው መስመር» አለችኝና ወጣች። ሁለት ጊዜ መናገር አትወድም።

ሽቶ መጋረጃው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ከመጋረጃው ስር ባዶ ቅልጥሙና የተስተካከለ ጥቁር ካልሲው ይታየኛል። ሱሪውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ቀኙን እግር ቆረጥኩ፣ ደህና አድርጌ። ስልኩ ጮኸ። መጀመሪያ ስለ ምሳ ነበር የሚያወራው፣ ስንት ሰው እንደሚጋበዝ፣ ማን አጠገብ ማን እንደማይቀመጥ። ከዚያ በዚያኛው በኩል ያለው ሰው የሆነ ነገር የፈራ መሰለኝ፤ ሽቶ ያባብለው ጀመር። መሬቱን የሚያጸዳው ከተማው ነው አለው። መንገዱንም፣ የፍሳሹን ቦይም፣ መኪና ማቆሚያውንም ከተማው ያወጣል፤ የእኛ ገንዘብ የሚገባው ጣሪያው ከቆመ በኋላ ነው። ዓመቱ ከፍቶ ተመልካች ከጠፋ የጎደለውን ከተማው ይሞላልናል። ካተረፍን ግን ትርፉ የእኛ ነው አለና ሳቀ፤ ሲስቅ ካልሲው ሁለቴ ተነሳ። ቆየት ብሎ ደግሞ ስለ ረድፉ ተጠየቀ መሰለኝ፣ ማንንም ማባረር አያስፈልግም አለ። ቅድሚያ ሰጥተናቸዋል፤ ኪራዩን ሲሰሙ በራሳቸው እግር ይሄዳሉ።

በዚህ መሃል መቀሴ የግራውን እግር ጨርሷል። እጄ ሥራውን አላቋረጠም፤ ሁለቱንም እግር ሦስት ሦስት ጣት አጠፍኩ፣ መኪናው ላይ አስገባሁ፣ ተኮስኩ፣ በመጋረጃው በላይ አቀበልኩ። ሽቶ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል ቆልፎ እዚያው ውስጥ ለበሰ። በመስታወቱ አጠገብ ሲያልፍ ራሱን አላየም፤ እኔን አየና ሳንቲም እጄ ላይ ጣል አደረገ። «ለከረሜላ» አለኝ። ከረሜላ ካቆምኩ ስንት ዘመኔ።

ወለሉን ስጠርግ ነው ቁራጮቹን ያየኋቸው። ከቀኙ እግር የወጣው ጠባብ ነው፤ ከግራው የወጣው ሰፊ፣ በመሃሉ የታችኛው የሳሙና መስመር ሳይነካ ተጋድሟል። ግራውን በላይኛው መስመር ላይ ቆርጬዋለሁ ማለት ነው። እግሩ በሦስት ጣት አጥሯል። ትንሽ ደንገጥ አልኩ፣ ከዚያ ተውኩት። እንዲህ ያለ ነገር እየሰማሁ ሦስት ጣት ምን ይደረጋል? ደግሞስ ከተማ ሙሉ የወሰደ ሰው ሦስት ጣት ቢጎድልበት ማን ያዝንለታል? ቁራጮቹን የትርፍራፊ ከረጢት ውስጥ ከትቼ ወሬዬን ይዤ ወጣሁ።

መጀመሪያ ለአጎቴ ነገርኩት። የአጥቂውን ጫማ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ሶሉን እየወጋ ነበር፤ ስጨርስ ቀና ብሎ አየኝ፣ ክሩን በጥርሱ በጠሰና ወደ ጫማው ተመለሰ። በድንጋጤ አፉ ተያዘ አልኩ። ቁልፍ ቀራጩ «ታዲያ?» አለኝ። ፈርቶ ነው አልኩ። ፀጉር አስተካካዩ የደንበኛ ጺም ላይ ምላጭ ይዞ ነበርና ጭንቅላቱን ብቻ ነቀነቀ፤ እሱንም ለራሴ በሚመች መንገድ ተረጎምኩት። አክስቴ ስትመለስ ግን አልነገርኳትም። ብነግራት ዝም በይ ትለኛለች፣ ካለችኝ ደግሞ ዝም ማለት ሊኖርብኝ ነው። ሰውዬው እያታለላት መሆኑን በሰው ፊት ሲጋለጥ ብትሰማው ይሻላታል ብዬ አሰብኩ።

«ሱሪውስ?» አለችኝ ጃኬቱን በወረቀት እየጠቀለለች።

«ለብሶ ሄደ።»

«ደህና ነበር?»

«ሳንቲም ሰጠኝ» አልኩ። መልስ መስሎ አለፈ።

አዳራሹ የክብር እንግዶች መቀመጫ ስር ያለው ነው፤ እንደ እኛ ሱቅ ጣሪያው ይወርዳል፣ ግን በነጭ ሰሌዳ ሸፍነውታል። መድረኩ ከፍ ያለ ስለሆነ ከፊት የተቀመጠ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው የሚናገረው ሰው ጫማ ላይ ነው። የረድፉ ሰዎች ሁሉ መጥተዋል። እኔ በአክስቴና ድሮ በስታዲየሙ በር ቲኬት ይቆርጥ በነበረው ሽማግሌ መሃል ተቀመጥኩ፤ አጎቴ ከእኛ ሁለት ወንበር ራቅ ብሎ፣ ለመኳረፍ በሚበቃ ርቀት። ሞዴሉ ጠረጴዛ ላይ ነው። ጨርቁ ሲነሳ ሰው ሁሉ ተንጠራራ። እውነት ለመናገር ያምራል። ጥፍር የሚያህሉ ዛፎች አሉት፣ የሚበሩ መብራቶች አሉት። የእኛን ሱቅ ቦታ ፈለግኩ፤ እዚያ ላይ ትንንሽ የፕላስቲክ ሴቶች ትንንሽ ቦርሳ ይዘው ይሄዳሉ። አንዳቸውም የሚሰፉ አይመስሉም።

ከሞዴሉ አጠገብ አንድ ጥበቃ የአክስቴን ጃኬት ለብሶ ቆሟል። ሰውዬው ትከሻው አንዱ ዝቅ ያለ ነው፣ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ጃኬቱ ውስጥ ግን ሁለቱም እኩል ሆነዋል። የኩባንያው ጸሐፊ፣ ወጣት ሴት ናት፣ ደረቱን ዳሰስ አድርጋ ለሽቶ በዓይኗ ምልክት ሰጠች፤ ሽቶም ራሱን ነቀነቀ። አክስቴ ሞዴሉን አላየችም። ያን ትከሻ ብቻ ነበር የምታየው፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ።

ሹሙ ተነሳና ከተማው ለዚህ ሥራ ያላደረገው ነገር የለም አለ። መሬቱን ከተማው ሰጥቷል፣ መንገዱን ከተማው ይሠራል፣ ቦዩን ከተማው ያስገባል፣ መኪና ማቆሚያውም የከተማው ነው። ኩባንያው ደግሞ ራዕይ ይዞ መጥቷል። ቲኬት ቆራጩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ እሱም ራዕይ እንደነበረው፣ መሬት የሚጨምርለት ሰው አጥቶ እንደቀረ ነገረኝ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ የምናገረውን በልቤ እደግማለሁ። ጥያቄ ያለው አለ ወይ ሲሉ ተነሳሁ። አክስቴ ቀሚሴን ሳብ አደረገችኝ። አስለቀቅኩት።

አሁንም ድረስ ያልኩትን አንድ በአንድ አስታውሰዋለሁ። ሽቶን እያየሁ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ጠዋት እኛ ሱቅ መጋረጃ ጀርባ ሱሪዎን አውልቀው በስልክ ያወሩትን እዚህም ይድገሙልን» አልኩ። አዳራሹ ሳቀ፤ ሳቁ ልብ ሰጠኝ። ኪሳራውን ከተማው ይሞላልናል፣ ትርፉ ግን የእኛ ነው ማለቱን ተናገርኩ። ኪራዩን ሲሰሙ በራሳቸው እግር ይሄዳሉ ማለቱን ተናገርኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ስጨርስ አዳራሹ ተነስቶ የሚጮህ መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ። አንዲት ሴት ታዛጋለች።

ሹሙ አልተቆጣም። ፈገግ ብሎ ልጅቷ የሰማችው ትክክል ነው አለ፤ የኪሳራውም የኪራዩም ነገር ባለፈው ዓመት እዚሁ አዳራሽ ውስጥ በድምጽ ማጉያ ተነግሯል፣ ተጠይቋል፣ ተመልሷል። ከኋላ ፀጉር አስተካካዩ «ቁጭ በይ እቱ፣ ይህንን እኛ አምና ጮኸንበት ድምፃችን ተዘግቷል» አለ። አምና ያን ቀን እኔ ሜዳ ዳር ሆኜ አዲሱን በረኛ ሳይ ነበር። ቲኬት ቆራጩ እጄን ይዞ አስቀመጠኝና፣ በደግነት ነው ያለው፣ «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» አለኝ። አጎቴ ወለሉን ያያል። ያኔ ገባኝ፤ ካውያ አልነበረም። እሱ አምና የጮኸ ሰው ነው፣ እሷ ደግሞ ጮኻ ስትመለስ ጨርቅ የተቀበለች።

ፎቶ አንሺው ሹሙንና ሽቶን መድረኩ ጫፍ ላይ አቆማቸው። እጅ ለእጅ ተጨባብጡ አላቸው፣ ራሱ ታች ሆኖ ተንበረከከ። የሽቶ ግራ ሱሪ ከካልሲው አፍ በላይ ነበር፤ ቀኙ ጫማው ላይ በሥርዓት አርፏል። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ዝቅ አድርጎ በዓይኑ አየ፣ እንደገና አነሳ። ከፊት ያሉት ሴቶች ተጎሻሸሙ። ሹሙ ጎንበስ ብሎ ለሽቶ አንድ ነገር ሹክ አለው፤ ሽቶ ወደ እግሩ አየ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ በሰዉ መሃል አክስቴን ፈለጋት። ፊቱ ጠቁሯል። ንግግሬ ዘግይቶ የገባው መሰለኝ፤ ትንሽም ቢሆን ደስ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሱቅ ተመልሰን ሥራ ቀጠልን። አክስቴ የአንድ ሰውዬ ኮት ገበር ትፈታለች፣ እኔ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ከግድግዳው ማዶ የአጎቴ መዶሻ ይሰማል። የኩባንያው ጸሐፊ መጣች። ሱቁ ውስጥ አልገባችም፤ አክስቴን በሩ ጋ ጠርታ ዝቅ ባለ ድምፅ አነጋገረቻት። ጆሮዬን አቀናሁ፤ መዶሻው አላሰማ አለኝ። የሰማሁት «አዝናለሁ»ን ብቻ ነው፣ ሁለት ጊዜ። አክስቴ ስትመለስ ጃኬቱ ክንዷ ላይ ነበር። መስቀያ ላይ ሰቀለችው፣ ትከሻውን አስተካከለች፣ ከኮቱ ገበር ያቆመችበትን ክር ፈልጋ ያዘች።

መዶሻው ቆመ። አጎቴ በሩ ላይ መጣ፤ በዚያ በር ከገባ ብዙ ጊዜው ነው፣ ጣሪያውን ረስቶት ግንባሩን መታ። እያሻሸ ጃኬቱን ትንሽ አየው።

«የትከሻው አገባብ ቆንጆ ነው» አላት። እህቴን በያት አላለኝም።

«ምን ያደርጋል» አለች።

«መርከብ ላይ የሚሠራው ጓደኛዬ ከድልድዩ ማዶ አንድ ክፍል አለው። ጠባብ ናት። የስፌት መኪናውን ታስገባለች፣ ሰው ግን እንዴት እንደሚተኛ አላውቅም።»

አክስቴ ስፋቱን በሐሳቧ እየለካች እንደሆነ ከጣቶቿ አወቅኩ፤ ጨርቅ ሳይኖርባቸው ጠረጴዛው ላይ ይራመዳሉ። ሁለት ሰው የሚተኛባት ትሁን፣ አንድ ሰው ብቻ፣ ያ አንዱስ ማን እንደሆነ፣ ማንም አላነሳውም። አጎቴ እዚያው ቆመ፤ የሚሄድም የሚቀመጥም አይመስልም። ዝምታው የእኔ ጥፋት መሰለኝ፤ ጥፋት ደግሞ ከሆነ አይቀር ትልቅ ቢሆን ይሻላል። የያዝኩትን ቁልፍ አስቀምጬ ተነሳሁ፣ ጣሪያው ለእኔም ዝቅ ያለ ነውና ጎንበስ ብዬ።

«እትዬ» አልኳት፣ «ይቅር በይኝ። እውነቱን ፊት ለፊት ባልናገረው ኖሮ ሥራው ያንቺ ነበር። ግን እውነት ይዞ መቀመጥ አልሆነልኝም።»

አክስቴ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«የቱን እውነት? እሱንማ ካንቺ በቀር ረድፉ ሙሉ ያውቀዋል» አለች። «ሥራውን ያጣሁት ሱሪ መቁረጥ ስለማትችዪ ነው።»